ሺሕ ቀን ያለ አደጋ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት በመካኒክነት የሠራሁበት ፋብሪካ የሚያውቀኝ በዚሁ ስለሆነ ነው። ስልክ ሲጮህ ልቤ ትዘላለች። «ቢሮ ትፈለጋለህ» ከተባልኩ፣ ደረጃውን ወጥቼ እስክጨርስ ድረስ ከሥራ ተባርሬ፣ ቤት ለቅቄ፣ ልጆቼን ለዘመድ አከፋፍዬ እጨርሳለሁ። ባለቤቴ «አንተ ጥላህንም መታወቂያ ሳትጠይቅ አታሳልፍም» እያለች ትስቅብኛለች። ስለ እትዬ ልጽፍ ተነሥቼ ስለ ራሴ መጀመሬ ደስ አላለኝም፤ ግን እሷ ላይ የደረሰው ነገር ያለ እኔ ፍርሃት አይነገርም።

እትዬ የመስመራችን አንጋፋ ሠራተኛ ናት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት ብረት ጨፍልቆ ቅርጽ በሚያወጣ አንድ ፕሬስ ፊት፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የምንሠራው የመኪና ቀበቶ መቆለፊያ ነው፤ ያቺ ቀጭ የምትለዋን። ድርጅቱ በሠላሳ ሁለት አገር ፋብሪካ ስላለው፣ ከእኛ እጅ የወጣችው መቆለፊያ የትኛው አገር፣ ማን ወገብ ላይ እንደምትውል አናውቅም። እትዬ ግን እያንዳንዷን ወደ ሣጥኑ ስትጥል «ሂጂ፣ ሰው አትርፊ» ትላታለች። መጀመሪያ ስሰማት ስቄ ነበር።

የእንደዚህ ያለ ትልቅ ድርጅት ሠራተኛ አለቃውን አያውቅም። ትእዛዝ ከላይ ይመጣል፤ ላይ ያሉትም ከላይ መጣብን ይላሉ። እኛ የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስክሪኑ ነው፤ በሰዓት ስንት እንዳመረትን ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ጋር እያወዳደረ፣ ስንፈጥን አረንጓዴ፣ ስንዘገይ ቀይ ይሆናል። ሁለተኛው መግቢያው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው፤ «ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት» ይላል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁላችንም ፊቱ እንሰለፋለን። እትዬ የቁጥሩን ካርድ ትቀይራለች፣ አንድ ጊዜ እናጨበጭባለን፣ ወደየሥራችን እንበተናለን። ሰው ከተጎዳ ቁጥሩ ተነሥቶ ዜሮ ይሰቀላል።

በዚያ ዓመት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቃል መጣ። ሺሕ ቀን ከደፈንን ዐሥራ አራቱ የኮንትራት ሠራተኞች ቋሚ ይሆናሉ። ከዐሥራ አራቱ አንዷ የእትዬ የእህቷ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እትዬ ናት፤ ማሸጊያ ክፍል ያስገባቻትም እሷው ለምና ነው። ልጅቷ በየሦስት ወሩ ኮንትራቷ ሊታደስ ሲል ሰውነቷ ይከሳል። «ቋሚ ስትሆን እኔም እተኛለሁ» ትል ነበር እትዬ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስተኛው ቀን ላይ አለቃችን በጠዋት ጠራኝ። ከጀርባው «ቶሎ በል» ነው የምንለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እንደ እኔ ፈሪ ነው፤ ልዩነታችን እሱ ሲፈራ መጮሁ ነው።

«የዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች በሺሕኛው ቀን ይመጣሉ» አለኝ። «እስከዚያ ስክሪኑ እንዳይቀላብኝ። የእትዬን ፕሬስ ዓይን ጨፍንልኝ።»

ዓይን የምንለው ከፕሬሱ አፍ ፊት የተገጠመ የማይታይ ጨረር ነው። እጅ ከገባ ያያል፣ ፕሬሱን ባለበት ያቆመዋል። ችግሩ አቧራ ሲይዘውም እጅ የገባ ይመስለዋል። ፕሬሱ ያለ ምክንያት ይቆማል፣ ስክሪኑ ይቀላል፣ ቶሎ በል ይጮኻል።

«አለቃ፣ ይሄ እኮ…»

«ለአራት ቀን ነው! ለማንም እንዳትተነፍስ። ሰው ካወቀ ይፈራል፤ ከፈራ እጁ ይንቀረፈፋል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ከፕሬሱ ጎን ያለችውን ሣጥን ከፍቼ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ቀይ ሽቦ ሁለት ቦታ ላይ አገናኘሁ። አለቀ። ዓይኑ ተጨፈነ። እትዬ ስትገባ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ስትገባ ሌላ ማሽን ጠራኝ፤ ከዚያ ሻይ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ ቶሎ በል አጠገቧ ቆሞ ነበር። ምክንያት የሚያጣ ፈሪ የለም።

አራት ሰዓት አካባቢ የፕሬሱ ድምፅ ተለወጠ። ማሽን አብሮት የሚውል ሰው የማሽኑን ሳል ያውቃል። እየሮጥኩ ስደርስ እትዬ ቀኝ እጇን በሁለት ጉልበቶቿ መሀል ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። አንድ ብረት ተቀርቅሮ በጣቷ ልትገፋው ሞክራለች። ዐሥራ አንድ ዓመት እንደዚሁ ነው የምታደርገው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ዓይኑ አይቶ ያቆምላት ነበር። በማሽኖቹ ጩኸት ማንም አልሰማም፣ ማንም ዞር አላለም።

«ክሊኒክ እንሂድ፣ እትዬ፣ ተነሽ።»

«ዝም በል!» አለችኝ፤ እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም። «አራት ቀን ቀርቷቸው ልጆቹን ላስቀራቸው? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እጄን ምን አስገባው? ሂድ፣ ጨርቅ አምጣልኝ።»

የእኔ ነው ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ጨርቅ ላመጣ ሮጥኩ።

ጣቷን ጠቅልዬ፣ ከልኳ የሚበልጥ ጓንት ከላይ አጠለቅሁላት። ሌባ ጣቷ ነው፤ ከጥፍሩ በታች ተጨፍልቋል። ቀኑን ሙሉ በግራ እጇ ሠራች። «ሂጂ፣ ሰው አትርፊ» ስትል ግን አልሰማኋትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ ጠብቄ ሽቦዋን ልነቅል ሣጥኑን ከፈትኩ። ሽቦዋ የለችም። ሣጥኑን በእጄ ዳበስኩት፣ ወለሉን ተንበርክኬ ፈለግሁ። የለችም። አንድ ሰው ከፍቶ አይቷል፣ አይቶም ወስዷታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። ሽቦዋን ቶሎ በል ወስዷት ይሆን? ነገሩ ሲወጣ «መካኒኩ በራሱ ጊዜ ያደረገው ነው» ሊል? ወይስ የደህንነት ኃላፊዋ? እሷ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ያለ ድምፅ የምትዞር ሴት ናት፤ በአጠገቤ ስታልፍ ደህና አደርክ ካለችኝ ለምን አለችኝ፣ ካላለችኝ ለምን ዘጋችኝ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ዓይኑ ስለተከፈተ ፕሬሱ አልፎ አልፎ ይቆማል፣ ስክሪኑ ይቀላል። ቶሎ በል ግን ከሩቅ ያየኛል እንጂ አይጮኽም። ቤቴ ገብቼ እራቴን ሳልነካ እነሣለሁ። ባለቤቴም መሳቋን ትታ «ምን ሆነሃል?» ማለት ጀመረች። «ድካም ነው» አልኳት።

እትዬም ለእህቷ ልጅ «ጉንፋን ነው» እያለቻት ነበር። በዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። አጠገቧ ስደርስ ከጓንቱ ውስጥ መጥፎ ሽታ ሸተተኝ። ጨርቁን ልቀይርልሽ ብላት አንገቷን ነቀነቀች። «ነገ ነው፤ ነገን ብቻ።»

ሺሕኛው ቀን ደረሰ። ወለሉ ታጥቧል፣ ሁላችንም አዲስ ቱታ ለብሰናል። ትልቁ ሰውዬ ከነአስተርጓሚው መጣ፤ ረጅም፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። እትዬ በግራ እጇ ካርዶቹን ቀየረች። አንድና ሦስት ዜሮ። ጭብጨባው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ብቻ አልሆነም፤ ቤቱ ተናወጠ። ሰውዬው እጁን ዘረጋላት።

ቀኝ እጁን። እትዬ የተዘረጋውን እጅ አየች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰች፣ ጓንት ያጠለቀ እጇን ሰጠችው። ጨበጣት። በሁለት እጁ ጨብጦ ወዘወዘው። ቶሎ በል ቀልጠፍ ብሎ «ጓንቷን ለእንግዳም አታወልቅም፣ እንዲህ ነው የእኛ ጥንቃቄ» አለ፤ አስተርጓሚው ተረጎመው፤ ሰውዬው በጣም ወደደው፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ የማየው የእትዬን ግንባር ነበር፤ ላብ በአንድ ጊዜ ችፍ አለበት። ፎቶ ሲነሡ ግን ፈገግ ብላለች። ያ ፎቶ እስከ አሁን መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ ከበሩ ጀምሮ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የማልፈው።

እንግዶቹ እንደወጡ መጋዘኑ ጀርባ ወድቃ አገኘኋት። ደግፌ ከፋብሪካው ውጭ ወዳለ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጨርቁን ሲፈታ ፊቴን አዞርኩ። «ምን ነካሽ?» ሲላት «በር ዘጋብኝ» አለች። «ስንት ቀን ሆነው?» ሲላት ጓንቱን አንሥታ ኪሷ ከተተችው። በማግሥቱ ጣቷን ቆረጡት፤ ለልጅቷም ያንኑ የበሩን ነገር ነገረቻት።

ጣቷ በተቆረጠ በማግሥቱ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ስታየኝ «ሌባዋን አባረሯት፣ አራት ጨዋ ቀሩኝ» ብላ ቀለደች። ያ ቀልድ አንጀቴን በላው። ከእንግዲህ መዋጥ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ዓይኑን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።»

በግራ እጇ ከትራሷ ሥር የተቋጠረ መሐረብ አወጣችና በጥርሷ ፈታችው። ቀይ ሽቦ።

«ዓይኑ ሳያቆመው ሲቀር ገባኝ፤ ጨርቅ ልታመጣ ስትሮጥ ሣጥኑን ከፍቼ ነቀልኳት» አለች። «ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚቀመጥ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ልጆች አሉህ» አለች። «ደግሞ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው። ጠበቅኩህ እኮ» አለችኝ።

ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷ አላባበለችኝም። ሽቦዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «ልጅቷን እኔ ቦታ አስቀመጧት አሉ፣ እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግሥቱ፣ በሺሕ ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቶሎ በል በር ላይ ጠበቀኝ። «ትእዛዝ ጨምሯል፣ ፕሬሱ መቆም የለበትም። ዓይኑን ጨፍንልኝ። የቋሚነቱ ደብዳቤ ዓርብ ይፈረማል፤ ማንም እንዳያበላሽብኝ።» ሽቦዋ ያኔ የቱታዬ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ተሰለፍን። እትዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት ተባለ። በእሷ ፈንታ ካርዱን የእህቷ ልጅ ቀየረች፤ አንድ ጊዜ ተጨበጨበ። ሰው ሊበተን ሲል ከሰልፉ ወጣሁ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አወረድኩና ዜሮን ሰቀልኩ።

«በዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስተኛው ቀን ሰው ተጎድቷል» አልኩ። «እትዬ ናት። ያስጎዳኋት እኔ ነኝ፣ የፕሬሱን ዓይን በዚህች ጨፍኜ።» ሽቦዋን ከፍ አድርጌ ያዝኳት።

ሌሎቹ ዐሥራ ሦስት የኮንትራት ሠራተኞች ሰሌዳውን ያያሉ። የእትዬ የእህቷ ልጅ ሽቦዋን አየች፣ ፕሬሱን አየች፣ ዜሮውን አየች፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእትዬ ጣት ይሁን ለዓርቡ ደብዳቤ አላውቅም። ልጠይቃት እስከ ዛሬ እፈራለሁ።