ከወረቀቱ ሥር የነበረው ፊልም

አባቴ ሞጣ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያነሱ ኖረው የገዛ ሚስታቸውን ያነሱት አንድ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ካሜራ ፊት መቆም አትወድም ነበር፤ ያን ቀን እንዴት እሺ እንዳሰኟት አላውቅም። ያነሷት በአሮጌዋ ታጣፊ ካሜራቸው ነው፤ ክዳኗ ሲከፈት መነጽሯ በተሸበሸበ ጥቁር ቆዳ ተይዞ ወደ ፊት ይወጣል። ፊልሙ አሥራ ሁለት ፎቶ ይይዛል። ጥቂት ስለቀረው "ሲያልቅ አጥበዋለሁ" ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ፊልም የሚያጥብም ከከተማው ጠፋ።

እናቴ አምና ስታርፍ በቤታችን የተገኘው ምስሏ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነበር፤ እሱም ደብዝዟል። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ካሜራዋን ሰጡኝና "አዲስ አበባ የሚያጥብ አይጠፋም። እንዳለች ውሰጃት" አሉኝ።

የማስተምረው ቢቸና ስለሆነ ትምህርት እስኪዘጋ ጠበቅሁ። ልሄድ ስነሳ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ፊልሙ ውስጧ ባይኖርስ? ደጃፌ ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆሜ የጀርባዋን ክዳን ከፈትሁ። የፊልሙን ጀርባ የሚሸፍን የተወጠረ ወረቀት አየሁ። በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ግራጫ ነገር አብለጨለጨ። አለ ብዬ ደስ አለኝ። ያደረግሁት የገባኝ ክዳኑን ከዘጋሁት በኋላ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው ይቃጠላል። የፎቶ አንሺ ልጅ ሆኜ!

አዲስ አበባ መሄዱን ትቼ ሞጣ ሄድሁና ነገርኋቸው።

"ፀሐይ ላይ ነበርሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ያየሽው ወረቀቱን ብቻ ነው?"

"ከሥሩ ያለውንም አይቻለሁ።"

"መጨረሻ ያነሳሁት እሷን ነበር። ተወጥሮ የቀረው የእሷ ነው" አሉ።

"ወደ ውስጥ የተጠቀለለው ይተርፍ ይሆናል እኮ።"

"እሱማ ይተርፋል። የሰው ፎቶ ነው።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካሜራዋን ተቀብለው በዳበሳ ቆዳውን አጣጠፉና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ምን ላድርግላቸው? ምሳ አቀረብሁ፤ አልበሉም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት መጥታ ስለ ፎቶው ጠየቀቻቸው። "ልጄ አዲስ አበባ ልካዋለች፤ እየታጠበ ነው" አሏት።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ "መቼ ይደርሳል?" አለችኝ። አባቴም መልሴን እንደሚጠብቅ ሰው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።