ሰኞ የሚፈለጠው ድንጋይ

ግድግዳ በመውጣት ፀደንያ ዕንባቆምን የሚስተካከላት ሴት በጎንደር አልነበረችም። አባቷ የደብር መሪጌታ ናቸው፤ ልጃቸው በጣቶቿ ተንጠልጥላ መዋሏን ስፖርት ብለው ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ፀዳ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ አሠልጣኟ አዳነ ከጣውላ በሠራው ግድግዳ ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትለማመዳለች። አዳነ የፕላስቲክ መያዣዎቹን ቶሎ ቶሎ ይቀያይርባታል፤ በውድድር ቀን የሚገጥማት መንገድ ሁልጊዜ አዲስ ነውና።

ቅዳሜ ግን ማክሰኝት ትወርዳለች። እዚያ አያ ክንዱ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ጥግ ላይ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ ፍራሽ አንጥፋ ያለ ገመድ ትሞክረዋለች። ጫፉ ጋ ስትደርስ እጇ እየከዳት ትወድቃለች።

አገር አቀፉ ውድድር ሲቃረብ አዳነ ከለከላት።

«ድንጋዩ ጣትሽን ይልጠዋል። ውድድሩ እስኪያልፍ እርሺው።»

እሺ አለችው። በመጨረሻው ሳምንት አያ ክንዱ ደወሉላት።

«ያን ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሊፈልጡት ነው። ሰኞ ይጀምራሉ። ሳይነግሩኝ ቀሩ ብለሽ እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው።»

«ትንሽ ቢቆዩስ?»

«ምነው ልጄ፣ ደብሩ እኮ አጥር የለውም።»

የመሪጌታ ልጅ ናትና «እውነትዎን ነው» አለቻቸው። ቅዳሜ ለአዳነ ሳትነግረው ሄደች። ረፋዱን ሙሉ ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ጥላ ሲያገኝ፣ ተረከዟን ከእጇ አጠገብ ሰቅላ ክብደቷን ወደዚያ ጣለች፤ ጫፉንም ያዘች። ላዩ ላይ ቁጭ ብላ ቁልቁል ማሳውን አየች። የተለየ ነገር አልተሰማትም፤ ደክሟት ነበር።

«እንግዲህ ውረጂ፣ በሬዎቹ ደነበሩ!» አሉ አያ ክንዱ ከታች።

የመሐል ጣቷ መሰንጠቁን ያወቀችው ደሙን ስታይ ነው።

ከአገር አቀፉ ወደ አህጉራዊው ውድድር የሚያልፉት ሦስት ነበሩ። ፀደንያ በፕላስተር የተጠቀለለው ጣቷ ከመጨረሻው መያዣ አንሸራትቷት አራተኛ ወጣች። አዳነ ጣቷን አየ።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

ነገረችው።

«ወጣሽው?»

«ወጣሁት።»

  ከሳምንት በኋላ ጠራትና ዓመቱን ለሁለት ከፈሉት፤ ከውድድር በኋላ ያሉት ወራት የድንጋይ፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ውድድር ያሉት የግድግዳ ብቻ እንዲሆኑ ተስማሙ። ክረምቱ ሲወጣ ዳባት አካባቢ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ጀመረች፤ አዳነም አንድ ሁለቴ አብሯት ወጣ። በተከታዩ ውድድር ሦስተኛ ሆነች።