የደጃዝማቹ ካባ ስማዳ ደርሶ ሲመለስ

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣሁት መርዶ ይዤ ነው። የቲያትር ቤታችን ተጫዋች ይርጋ ዓለሙ በሐምሌ በሳንባ ምች ሞተብን። ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው ስማዳ ላሉት አባቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ወንዶቹ «ልምምድ አለብን» እያሉ አንድ በአንድ ሸሹና መርዶው ለእኔ ቀረ። መርዶ ነጋሪ መሆንን ማን ይወዳል!

የይርጋን ሳጥን ስከፍተው አንድ ኮት፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ዳዊት ብቻ አገኘሁ። በአገሩ ደንብ የሟች ልብስና መሣሪያ ለቅሶው ላይ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው። ይህን ባዶ ሳጥን ይዤ እንዴት ልግባ? አፈርኩ። ስለዚህ መድረክ ላይ ይለብሰው የነበረውን የደጃዝማች ካባ፣ ለኅዳሩ የቲያትር መክፈቻ እመልሰዋለሁ ብዬ ጨመርኩበት። አይ እኔ! ማልበስ እንጂ የሚከተለውን ማሰብ መቼ አውቄ።

ደብረ ታቦር፣ ከተነሣሁ በአራተኛው ቀን

ባሕር ዳር ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በካሚዮን የጨው ጭነት ላይ ተቀምጬ ደብረ ታቦር ገባሁ። አያሌው የሚባል ባለበቅሎ በቀን ሁለት ብር ሊያደርሰኝ ተስማማ። የመጀመሪያውን ሌሊት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አደርን። በማግስቱ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ቁልቁለቱን ወረድን።

«እሜቴ፣ ሟቹ ሥራው ምን ነበር?» አለኝ አያሌው።

«የመንግሥት ሥራ» አልኩት። ይርጋም ለአባቱ የጻፈው ይህንኑ ነበር። ቲያትር ብዬ ብነግረው፣ አዝማሪ ነዋ ሊለኝ አይደል?

ስማዳ፣ ማለዳ

እንደ ደንቡ በቀጥታ ወደ አባትየው ቤት አልሄድኩም። ማታውኑ ለንስሐ አባታቸው ነገርኩ፤ እሳቸው ጎረቤቱን ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ መርዶው ተነገረ። አባትየው መሪጌታ ዓለሙ የአቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያን ዝማሜ፣ መምህር ናቸው። ሲሰሙ አልጮኹም፤ መቋሚያቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ንፍሮው ቀርቦ የሳጥኑ ዕቃ ተዘረጋ። የንስሐ አባትየው ካባውን አንሥተው አንገትጌውን ገለበጡና እኔ በቀይ ክር የሰፋሁትን ጽሑፍ አነበቡ፦ «ደጃዝማች፣ ይርጋ ዓለሙ»። ልብስ እንዳይቀያየር የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይና የተጫዋቹን ስም የምሰፋው እኔ ነኝ።

«ወገኖቼ፣ ልጃችን ተሹሞ ኖሯል!» አሉ።

አስለቃሿ «ደጃዝማች ይርጋ» ብላ ተነሣች፤ ለቀስተኛው ተቀበላት። መሪጌታ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ደጃዝማች ሲሾም ወሬው እኛም ዘንድ ይደርሳል። ይህ የማን ነው?»

ዝም ብል ይርጋ ባልተሾመው ሹመት ሊለቀስለት ነው። ብናገር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ሊንቀው ነው።

«የቲያትር ቤቱ ነው፣ አባቴ። ልጅዎ ሹም አልነበረም። መድረክ ላይ ሹም ሆኖ ይጫወት፣ ይጨፍርም ነበር።»

«አዝማሪ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። መሪጌታ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱት።

«ዝም በሉ! ልጄ በሰው ሹመት አይለቀስለትም። አንቺ፣ ሥራውን ንገሪን። ሥራው ሳይታወቅ በምን እናልቅስለት?»

ዓመቱን እንዳለ ነገርኳቸው። በእንቁጣጣሽ ትርኢት ጭፈራውን የመራው እሱ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ዘንግ ይዞ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ፣ «ከማን ተማርከው?» ስለው «ከአባቴ» አለ። ጾሙን በልምምድ አሳለፍን። ከፋሲካ በኋላ ደጃዝማች ሆኖ ተጫወተ፤ በግንቦት ቲያትሩን ሐረርና ጅማ ወሰድነው፣ ሐረር ሕዝቡ አጨበጨበለት፣ ጅማ ላይ ደግሞ ከመቀመጫው ተነሣለት። በሰኔ እያሳለው የዓመቱን መዝጊያ ጨረሰ። ላብ ያጠመቀውን ካባ ከላዩ ያወለቅሁት እኔ ነኝ።

አስለቃሿ ሙሾውን አወረደችው፦

«ሐረር አጨብጭቦ፣ ጅማ ተነሣለት፣
እኛ ብቻ ቀረን ሳናጨበጭብለት።»

እኔም አላጨበጨብኩለትም። ሃያ ዓመት ከመጋረጃ ኋላ ስቆም እጄ የሰው ልብስ እንደያዘ ነው።

መሪጌታ ተነሡ። መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ በማኅሌት እንደሚያደርጉት ቀስ ብለው አጨበጨቡ። የንስሐ አባትየው ተከተሏቸው፤ ከዚያ ያ «አዝማሪ» ያለው ሰውዬ ሳይቀር ሁሉም። ለቅሶ ላይ ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም። ከሐምሌ ጀምሮ ያልወጣልኝ እንባ ያኔ ወረደ።

ስሰናበታቸው ካባውን አጣጥፈው ሰጡኝ። «ለሚቀጥለው ልጅ ይሁን። ለእኛ ኮቱ ይበቃናል» አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ ኅዳር

ለመክፈቻው ደረስኩ። የአዲሱን ተጫዋች ስም አንገትጌው ላይ ከይርጋ ስም ሥር ሰፋሁት፤ ልማዴ የፊተኛውን ስም መፍታት ነበር፤ ይህን ግን አልፈታሁትም። ዋሽቼ ላከብረው ሄጄ ነበር፤ ያከበሩት ግን እውነቱን የሰሙት ናቸው። ልጁ ተጫውቶ ሲጨርስ ክንዴ ላይ የነበረውን ልብስ ሁሉ ወንበር ላይ ጣልኩትና፣ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ።