እኔን ለማደፋፈር የተኛችው ባለቤቴ

ባለፈው ዓመት በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ ተገኘብኝ። ጠባሳ ጀምሮት እንደሆነ እንዲታይ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ተላክሁ። መርፌ የለውም ብለውኛል፤ እኔ ግን አላመንኩም። ሸጎሌ ሰፈራችን ያለ ጎረቤቴ «ከጉበትህ ቆርሰው ነው የሚወስዱት» ብሎ አስፈራርቶኝ ስለነበር ባለቤቴን አልማዝን ይዤ ሄድኩ።

አልጋው ላይ ውጣ ስባል ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ባለሙያዋ የመሣሪያውን ጫፍ አሳየችኝ።

«አባቴ፣ ጎንዎን መታ መታ ያደርጋል እንጂ አይወጋም። ጠባሳ ያለው ጉበት ይደድራል፤ እሱን ነው የሚለካው።»

«ምሳ በልቼ ብመለስስ?»

«የሚለካው በባዶ ሆድ ነው።»

አልማዝ ሳቀችብኝ። ቀጭን ናት፤ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። «በይ መጀመሪያ እኔን ለኪኝና ይየው፤ ጾም ላይ ነኝ፣ እህል አልቀመስኩም» አለችና ነጠላዋን አቀብላኝ ተኛች።

ባለሙያዋም እየሳቀች ጀመረች። ትንሽ እንደለካች ግን ሳቋ ቆመ። ቦታ ቀይራ ደገመችው።

«አመመሽ እንዴ?» አልኳት ባለቤቴን ደንግጬ።

«ኧረ ምንም! በጣት እንደመንካት ነው።»

በቃ፣ አፍሬ ተኛሁ። ስብ አለ፤ ጠባሳ የለም። እፎይ ብዬ ጫማዬን ሳስር ባለሙያዋ ወደ አልማዝ ዞረች።

«እናቴ፣ የእርስዎን ደጋግሜ ለካሁት። የደደረው የእርስዎ ጉበት ነው፤ ዛሬ ሐኪሙ ጋ የሚገቡት እርስዎ ነዎት።»