ኮሶ የጠጣን ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሆዴ ሲሄድ ሰንብቶ "የደም ግፊት ኪኒኔን እንደሁ አላቋረጥኩም" ብል ልጄ ትግስት ተቆጣችኝ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። "እማዬ፣ መዋጥ ብቻ እኮ አይበቃም! መድኃኒቱ ቀጭኑ አንጀት ሲደርስ ነው ተመጦ ወደ ደም የሚገባው። ሆድሽ እንዲህ እየሄደ ምኑ ይቀርልሻል? ታጥቦ ይወጣል" አለችኝ። ወይ ጉድ! ፊቴን አዞርኩባት።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ እኔና ባዩሽ ለሁለት ወንድማማቾች ተድረን በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ባዩሽ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ልጁ ሞተ፤ እሷም ደም ፈሷት ለጥቂት ተረፈች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ቶሎ ካረገዝሽ ለነፍስሽ ያሰጋል" ብላ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሰጠቻት። ባሏ ልጅ ልጅ ይላል፣ አማታችንማ ስለት ላይ ናቸው። ምስጢሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ስትውጥ በር ላይ ቆሜ እጠብቅላታለሁ።

ኅዳር ሲገባ የገብስ አጨዳ ደረሰ። ውርጩ እጅ ይቆርጣል፤ ምሳና ጠላ ተሸክመን ከማሳ ማሳ ስንመላለስ ወገባችን ተቀነጠሰ። እኛ አገር አንድ ማምለጫ አለች፤ ኮሶ የጠጣን ሰው ማንም አያዝዘውም። እኔ ሰነፏ "ኮሶ ታየን እንበልና አብረን እንጠጣ፤ አንድ ቀን እንኳ እንረፍ" አልኳት።

"ኪኒኔስ?" አለች።

"ምን አገናኘው? ከዋጥሽው ወዲያ ሆድሽ ገብቷል፤ ማን ያወጣዋል?"

ሳቀች። ኪኒኗን ዋጠች፣ ኮሶውንም አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው። እኔን ለአመል ያህል ነካ አደረገኝ። እሷን ግን አጣደፋት፤ በማግስቱም አልለቀቃት። ከጓሮ በተመለሰች ቁጥር እየሳቅኩ አበሽቃት ነበር። አይ ልጅነት!

ጥር ላይ ማርገዟ ታወቀ። አማታችን እልል አሉ፤ በግ ታረደ። ባዩሽ ጠላ ስትቀዳ ጠጋ አለችኝና "ዘኔ፣ ኪኒኑ የት ሄደ?" አለችኝ።

"እንጃ፣ እግዜር ያለው ነው" አልኩ። ያ ኮሶ በልቤ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት።

በፍልሰታ፣ ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ጎረቤት እንኳ በማይታይበት ጠዋት ምጧ መጣ። ሕፃኗ በደህና ተወለደች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነበር። ዳገቱን ሳይጨርሱ ተመለሱ፤ ቃሬዛው ላይ ነጠላው ፊቷን ሸፍኗት ነበር።

ልጅቱን እኔ ወሰድኳት፤ በላም ወተት አሳደግኋት። ትግስት እሷ ናት። ሰው ሁሉ "የሙት ልጅ ያሳደገች ደግ" እያለ ሲመርቀኝ እሳት ይበላኛል። እንዴት እንደ ተወለደችና እናቷን ምን እንዳገኛት ታውቃለች፤ የኮሶውን ነገር ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው ከተቆጣችኝ በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አወጣሁት። አዳምጠው ሲጨርሱ "ምናልባት ሌላም ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ለመሆኑ ተጸጽተሻል?" አሉኝ።

መጸጸት "ያ ቀን ምነው ባልነበረ" ማለት አይደል? ያ ቀን ባይኖር ባዩሽ ትኖራለች፤ ትግስት ግን የለችም። ልጄን እያሰብኩ እንዲያ ብዬ መመኘት አልቻልኩም። ባዩሽን ሁለተኛ የበደልኳት ያን ጊዜ ነው።