የውድቅነት ማስረጃ

ትናንት ከጋሽ ኦባንግ ጋር ባሮ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ማንጎ እየላጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዱሮ ጽሑፌን ያወጣ መጽሔት የላከው መልእክት ነው። «ምርጥ ውድቅ ሥራዎች» የሚል መድብል ልናሳትም ነውና ፈቃድዎን ይስጡን ይላል። ምርጥ ውድቅ!

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መሃል ከተማ፣ ጋሽ ኦባንግ ፎቶኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ፕሮግራም መጻፍንም እዚያው፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ለራሴ አስተማርኩ። ጎረቤታችን ክሊኒክ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር የካርድ ክፍሏ ኛኮንግ የመዘገበችው ሁሉ ይጠፋና፣ በሽተኛው በዚያ በሚያቀልጥ ሙቀት እንደገና ይሰለፋል። የተጻፈውን ወዲያው ወዲያው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሠራሁላት። ወረፋው ቀረ። መቲና ዲማ ከተሞች ያሉ ካርድ ክፍሎችም እንዲያገኙት ብዬ፣ አዲስ አበባ ለሚደረግ የፕሮግራመሮች ጉባኤ ፕሮግራሙን ራሱን ያያዝኩበት ፕሮፖዛል ላክሁ።

መልስ የለም። ጉባኤው አለፈ። የተሳታፊዎቹን ፎቶ አየሁት፤ ጄነሬተር ባለው ሆቴል፣ አንገታቸው ላይ የስም ባጅ አንጠልጥለው ኬክ ይበላሉ።

ይህ መጽሔት ብቅ ያለው ያን ሰሞን ነው። በጉባኤ የወደቁ ፕሮፖዛሎችን ያትማል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ላክሁ። አዘጋጁ ግን ውድቅ ለመደረጌ ማስረጃ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። አልጻፉልኝም ስለው፣ እንግዲያው አልወደቅሽም አለ። ጉባኤውን ብለምን፣ ደብዳቤ የምንጽፈው ለተቀበልናቸው ብቻ ነው አሉ። መናቅም መስፈርት አለው!

ጋሽ ኦባንግ ነገሩን ሰምተው ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳቡ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የማይረባ ነው ይበሉ።»

«እኔ አልዋሽም። ‹ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ አልተቀበልነውም› እላለሁ።»

ጻፉና የፎቶኮፒ ቤቱን ማህተም አሳረፉበት። አዘጋጁ ማህተም መኖሩን እንጂ የማን መሆኑን አላየም። ደብዳቤው ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ፤ ፕሮግራሜ በቦታ ጥበት ከመሃሉ ተቆረጠ። የተቆረጠ ፕሮግራም ደግሞ ለማንም አይሠራም።

ጋሽ ኦባንግ ሙሉውን ፕሮግራም በወረቀት አባዝተው ወደ መቲና ወደ ዲማ ለሚሄዱ ሾፌሮች፣ ለካርድ ክፍሎቹ አድርሱ ብለው ሰጡ። ከወር በኋላ አንዲት የመቲ ካርድ ሠራተኛ ከወረቀቱ ላይ ተይባው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድም ስም እንዳልጠፋባት ደውላ ነገረችኝ።

ዛሬ የሚያሳፍረኝ መውደቄ አይደለም። ያን ደብዳቤ መለመኔ ነው። ትናንት እዚያው ባሮ ዳር ለአዘጋጁ፣ ፈቃዴን ከፈለጋችሁ መጽሔታችሁን የሚያነብ ሰው ለመኖሩ ማስረጃ አያይዙ ብዬ ጻፍኩ።

«ማህተም ያለው በይ» አሉ ጋሽ ኦባንግ፣ ማንጎአቸውን እየመጠጡ።

ጨመርኩበት።