የዋጠችልኝ ክኒን

ሕመሙ ያለበት ቦታ ለወሬ አይመችም። ከእምብርት በታች፣ በብልትና በመቀመጫ መካከል ነው። ስቀመጥ ይወጋኛል፤ ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል፤ ጨረስኩ ብዬ ስነሣ ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ወገዳ የምኖር ነርስ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ የስንቱን ገበሬ ሱሪ ሳስወልቅ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን አፈርኩ። ሽንቴን ለማን ልስጥ? ላብራቶሪ የሚሠራው ሰው አበልጄ ነው። ጠዋት ሰጥቼው ከሰዓት ሚስቱ ትሰማለች፤ ሚስቱ ከሰማች ገበያው ሰማ ማለት ነው።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በቁርባን ነው። የእስቴ ልጅ ናት፤ አስተማሪ። በቁርባን ከተጋቡት አንዱ ሌላ ጋ ከሄደ ጋብቻው ረከሰ ማለት ስለሆነ፣ በእኛ አገር ባል ወይ ሚስት መቁረብ ሲያቆም ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። እኔ ሽንቴ እየተንጠባጠበ ከሥጋ ወደሙ አልቀርብም ብዬ አቆምኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ የንስሐ አባታችንን አባንም አልጠየቅኋቸው። ለእሷ ጨጓራዬ አላስጾም አለኝ አልኳት። ጥቂት ወራት ቆይቶ እሷም አቆመች። “ምነው?” ብላት፣ “አልተዘጋጀሁም” አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰይጣን ልቤ ውስጥ የገባው። ከእሷ ሌላ ሴት አላውቅም። ሽንት አቃጠለኝ የሚል ወንድ ሲመጣ ደግሞ እኛ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨብጥ ነው። እኔ ካላመጣሁት ማን አመጣው? ለምንስ መቁረብ ተወች? እስቴ ለቅሶ ሄዳ አራት ቀን የቆየችውን ሁሉ እያነሣሁ እጥል ጀመር። የገዛ ሚስቴን እንደ ፖሊስ እከታተላት ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

የጨብጥ ሕክምና ለባልና ለሚስት አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። አንዱ ብቻ ቢድን ሌላው መልሶ ያስይዘዋል። ስለዚህ የሁለታችንን ገዛሁና የእሷን ከማሸጊያው አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩት። “የትል ነው፤ ለሳምንት ትውጭዋለሽ” አልኳት። ክኒኑንም እኔንም አየት አደረገችና ውኃ አምጥታ ዋጠች። ምንም አላለችም። እኔም ዝምታዋን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርኩት።

ሕመሙ ግን ወይ ፍንክች! ሁለት ዓመት ስሰቃይ ቆይቼ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ሄድኩ። ከወገዳ የሚወጣውን መንገድ መቀመጫውን የሚያመው ሰው አይሂደው። ደብረ ታቦር እስክንደርስ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ፣ በየጉድጓዱ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ።

በእድሜ የሚያንሰኝ ሐኪም ሽንቴንም፣ ደሜንም፣ ፕሮስቴት ዕጢዬንም መረመረ። “ጀርም የለብዎትም” አለኝ። “የአባላዘር በሽታም አይደለም። ከዳሌዎ በታች ያለው ጡንቻ ተኮማትሮ አልላላ ብሎ ነው።”

ከዚያ ጡንቻውን ያፍታታል ብለው አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ስልኬን፣ ቁልፌንና ቀበቶዬን ተቀበሉኝ እንጂ ሱሪዬን እንኳ አላስወለቁኝም። ከመቀመጫው ሥር ያለው ማግኔት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር፣ ያ ስሙን የማልጠራው ቦታ ሳላዘው ይጨበጣል፤ መልሶ ይለቃል። መርፌ የለ፣ ቢላ የለ። ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል፣ ለአንዳንዱ አይረዳም፤ ተመላልሰው ይሞክሩት አለኝ ሐኪሙ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ። እኔ ላይ ጀርም ከሌለ እሷ ምን አጠፋች?

ዘመድ ቤት አርፌ ለሳምንታት ተመላለስኩ። አልዳንኩም፤ ግን ሳላቃስት መነሣት ቻልኩ። ቤቴ ስገባ የተማሪ ፈተና እያረመች ነበር። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ነጠብጣቡ፣ መቁረብ ለምን እንዳቆምኩ፣ ስለ ጡንቻው ሁሉን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቀሰች።

“ይቅር በለኝ” አለችኝ። እኔን! “ሴት ይዘህ መስሎኝ ነበር። መቁረብ ስታቆም ጠረጠርኩህ። ጋብቻችን ረክሷል ብዬ እኔም ቀረሁ። ክኒኑን ስትሰጠኝ አንዷን ፍሬ ሸሽጌ መድኃኒት ቤት አሳየሁና የምን እንደሆነ ነገሩኝ። ቤቴ ከሚፈርስ ብዬ የቀረውን ዋጥኩት። አባንም ‘ንስሐውን እኔ ልግባለት’ ብያቸው፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ እሰግድልሃለሁ።”

ባልሠሩት ኃጢአት ይቅር መባል ለካ እንዲህ ይከብዳል! ፈሪ ነኝና የራሴን ጥርጣሬ አላነሣሁም። በዚያው ቢያልፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን አስተማሪ ናት፤ የጎደለ መልስ አታልፍም። እንባዋን ጠረገች።

“ቆይ” አለች። “አንተ ሌላ ጋ ካልሄድክ፣ ለኔ መድኃኒቱን ለምን ሰጠኸኝ?”

የትል መስሎኝ ልል አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም።

“ካንቺ የመጣ መስሎኝ” አልኳት።

አሁን አላለቀሰችም። ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አስተካከለቻቸው።

“ስሰግድ ታየኝ ነበር እኮ” አለች። “ለራሷ ኃጢአት ነው የምትሰግደው ብለህ ነው ስታየኝ የኖርከው?”

“አዎ” አልኳት።

ባለፈው እሑድ አባ ፈቅደውላት ብቻዋን ቆረበች። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። እንደ ሥርዓቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በአጠገቤ አለፈች። የቆረበ ሰው አይናገርም፤ ዝምታዋ ለዚያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። ያኔም አላናገረችኝም።